የቅዳሜው እንቁላል

አላውቅም ማለትን የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ሌላው ሰው የሚገባው ለማወቅ ነው፤ እኔ ገና የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሳለሁ ገብቼ፣ የማውቀውን ነገር እንደማላውቅ ሆኖ መቅረብን አጥንቼ ወጣሁ። በዚህ ሙያ የሚስተካከለኝ አልነበረም። የምቀልድ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ «ቅዳሜን በዩኒቨርሲቲ» የሚባል ፕሮግራም ነበር። በአካባቢው ካሉ ትምህርት ቤቶች ከየክፍሉ እጅ ማውጣት የሚያበዙ ልጆች ተመረጡና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አንድ አሮጌ አውቶቡስ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ እየጫነ ይወስደን ጀመር። የዩኒቨርሲቲው ዓርማ ያለበት ነጭ ካናቴራ ሰጡን፤ የእኔ ጉልበቴ ድረስ ይወርዳል። ላቦራቶሪው ውስጥ ረጃጅም በርጩማዎች ነበሩ። እላያቸው ላይ ስንወጣ እግራችን መሬት አይነካም፤ እኛ ግን ትልቅ ሰው የሆንን ይመስለን ነበር። የአልኮልና የጎማ ሽታ፣ አንገቱን የቆለመመ የውሃ ቧንቧ፣ በመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ የተደረደረ ጠርሙስ... ይሄ ሁሉ የእኔ ነበር። ቢያንስ ቅዳሜ ቅዳሜ።

በመጀመሪያው ቀን ወላጆችን አዳራሽ ሰብስበው ነበር። አስተባባሪው፣ ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ዶክተር፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ብዙ ነገር ተናገረ። እናቴ ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዛ የወጣችው አንዱን ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከመካከላችን ሁለት ልጆች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ወዳለው ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ይገባሉ፤ የሚመርጡትም ርዕሰ መምህርቷ ራሳቸው፣ በዓይናቸው አይተው ነው።

እናቴ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ነበረች። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት መሐል ቆማ የማታውቀውን ሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ትውላለች። ፊደል የቆጠረችው ስሟን ለመጻፍ ያህል ነው። ያን ዕለት ስንወጣ ግቢው ውስጥ ያለው ትምህርት ቤት አጥር ጋ ቆመች። እኔ የምማርበት ክፍል ውስጥ በአንድ ዴስክ ላይ አምስት ሆነን እንቀመጣለን፣ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ጣሪያው ስለሚያፈስ ወደ አንድ ጥግ እንሰበሰባለን። በአጥሩ ቀዳዳ የሚታየው ግን በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያና ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ጠረጴዛ ነው። እናቴ ብዙ ቆማ አየች።

«እዚህ ነው የምትገቢው» አለችኝ። «ሌላ ወሬ አልፈልግም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤታችን ወሬ ሁሉ እሱ ብቻ ቀረ።

የምታስተምረን ሦስተኛ ዓመት የደረሰች ተማሪ ነበረች። ስሟን ማን ይጠራዋል፤ ሁላችንም «ኬሚስትሪዋ» ነበር የምንላት። አንድ ቀን ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንደኛው ውስጥ እንቁላል ስትጨምር ወርዶ ታች ቁጭ አለ። ሁለተኛው ውስጥ ጨው በማንኪያ እየዛቀች ጨመረችና እስኪሟሟ አማሰለችው፤ ያንኑ እንቁላል ብትከተው ላይ ተንሳፈፈ።

«ለምን?» አለችን። «አትቸኩሉ። አስቡ።»

ሁሉም የመጣለትን ተናገረ። እኔ ግን አልቸኮልኩም። እስክንወጣ ድረስ ያንን እንቁላል ሳየው፣ ሳየው ቆየሁና፣ ልክ ቦርሳዬን ስይዝ ድንገት በራልኝ።

«እንቁላሉ እኮ ያው ነው!» ብዬ ጮህኩ። «የተለወጠው ውሃው ነው! ጨው ሲገባበት ከበደ። የከበደ ውሃ ደግሞ እንቁላሉን ወደ ላይ ይገፋዋል!»

ኬሚስትሪዋ እጇ ጨው በጨው እንደሆነ አቀፈችኝ። ማንም ያልነገረኝን ነገር ራሴ አገኘሁት ማለት ነው። ያን ቀን የነበረኝን ደስታ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው።

ከጥቂት ቅዳሜ በኋላ ለፕሮግራሙ ገንዘብ የሚሰጡ እንግዶች መጡ። ሙሉ ልብስ የለበሱ ወንዶች፣ ሽቶአቸው በሩን ቀድሟቸው የሚገባ ሴቶች፣ ካሜራ የያዘ ሰው። ኬሚስትሪዋ እንቁላሉን አሳየችና «ለምን?» ብላ ጠየቀች። እኔ ምኑን ልጠብቅ! እጄን አውጥቼ መልሱን ዘረገፍኩት። አንዱ እንግዳ «በጣም ጥሩ» አለና ሰዓቱን አየት አድርጎ ወደ ጠርሙሶቹ ዞረ። ካሜራውም አብሮት ዞረ።

እንግዶቹ ሲወጡ አስተባባሪው ኮሪደር ላይ ጠራኝና ጎንበስ አለልኝ።

«መልስሽ ልክ ነው» አለኝ። «ግን የኔ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች የመጡት የሚያውቅ ልጅ ለማየት አይደለም። የሚያውቅ ልጅማ እቤታቸውም አላቸው። ማየት የሚፈልጉት የማያውቅ ልጅ እዚህ መጥቶ ሲያውቅ ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኩት። አልገባኝም።

«እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። መነጽሬን ሳወልቅ አታውቂም። መልሼ ሳደርገው ታውቂያለሽ። እንደ ቲያትር በይው። የእኔና የአንቺ ሚስጥር ነው፤ ለማንም አይነገርም፣ እሺ?»

ዶክተር ከእኔ ጋር ሚስጥር ሲይዝ! አውቶቡሱ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ነው የተመለስኩት።

ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር እንቁላሉ ይወጣል። ኬሚስትሪዋ «ለምን?» ትላለች፣ እሱ መነጽሩን ያወልቃል፣ እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ «እ... እንቁላሉ ጨው በልቶ ቀለለ» እላለሁ። እንግዶቹ በሳቅ! ኬሚስትሪዋ ታስረዳኛለች፣ እንደገና እስታለሁ፣ እንደገና ታስረዳኛለች። በመጨረሻ መነጽሩ ወደ ዓይኑ ይመለሳል፤ ያኔ ዓይኔን አፍጥጬ «አሃ!» እላለሁ። ጭብጨባው ይቀልጣል፣ ካሜራውም ከፊቴ ላይ አይነሳም። ከዚያ እሱ መጥቶ ራሴን ዳሰስ እያደረገ «ጎበዝ!» ይለኛል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አላዋቂነቴ እየተራቀቀ ሄደ። ግንባሬን መቋጠር፣ ሽቅብ ጣሪያውን ማየት፣ ልመልስ ብዬ አፌን ከፍቼ መተው... ይሄን ሁሉ የጨመርኩት ራሴ ነኝ።

ኬሚስትሪዋ ግን እየተለወጠች መጣች። ጨዋታዋ ጠፋ። ስታስረዳኝ ፊቴን አታይም፣ ብርጭቆውን ነው የምታየው። ጭብጨባው ለእኔ ስለሆነ ቀንታብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ ተገናኘን። እሷ ናት ያወቀችኝ። ከሰልፉ ወጣ አድርጋ ያዘችኝና፣ «የመመረቂያ ጽሑፌን የሚያርመው እሱ ነበር» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። «ብናገር እንደማልመረቅ አውቅ ነበር። ያው ልጆቹም ደስ ብሏቸዋል እያልኩ አፌን ዘጋሁ።» ይገባኛል አልኳት። አይገባኝም። ያን ጊዜ እሷ ትልቅ ሰው፣ እኔ ልጅ ነበርኩ።

እናቴ ቅዳሜ ማታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር።

«ዛሬስ ምን ተማርሽ?»

«እንቁላል።»

«ዛሬም እንቁላል? ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ ዶሮ እርባታ ነው ያስገቡሽ?»

እስቅ ነበር። እሷ ግን አትስቅም። ሚስጥሩን ልነግራት አፌ ድረስ ይመጣና «ለማንም አይነገርም» የሚለው ትዝ ይለኛል። እናት «ማንም» ውስጥ ትግባ አትግባ አላውቅም ነበር። ያንን ሰውዬ ከምንም በላይ የምጠላው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የመዝጊያው ቀን ደረሰ። ወላጆች ተጋብዘዋል፤ የእናቴ አለቃ ግን ቶሎ አለቀቃትም። ስለዚህ ላቦራቶሪው ውስጥ የሆነውን አላየችም። እንግዶቹ ከመቼውም ይበዙ ነበር። ከሁሉም ኋላ አጭር ጸጉራቸው የሸበተ፣ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረጉ ሴትዮ ቆመዋል። ሌላው ሲስቅ እሳቸው አይስቁም። ርዕሰ መምህርቷ መሆናቸውን የነገረኝ የለም። ብቻ «እንቁላሉ ጨው በልቶ» ስል ሁሉም ሲንከተከት፣ እኚህ ሴትዮ ለምን ኮስተር አሉ ብዬ ይበልጥ ላስቃቸው ታገልኩ። አንድ ጊዜ ጨምሬ ተሳሳትኩ።

«ይህን ሙከራ ከዚህ በፊት አይታዋለች?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ በጭራሽ! ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው» አለ አስተባባሪው።

እሱም ቲያትሩን መጫወቱ ነው ብዬ ሳቄን ዋጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ሴትዮዋ በጆሮው «ደስ የምትል ልጅ ናት፤ ግን ጊዜ ትፈልጋለች» ሲሉት ሰማሁ። ጊዜ ሊሰጡኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አሁን እኔም ስለ ሰው ልጅ እንዲህ የሚባልበት ስብሰባ ላይ እቀመጣለሁ። «ጊዜ ትፈልጋለች» ማለት «ሌላ ልጅ አምጡልኝ» ማለት ነው።

ሻይና ብስኩት ቀርቦ ስሞቹ ሲነበቡ እናቴ ደርሳ ነበር። የእንፋሎቱ ሙቀት ገና ከፊቷ ላይ አልጠፋም። የመጀመሪያው ስም ተጠራ፤ አጨበጨበች። ሁለተኛው ተጠራ፤ እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። ከዚያ ክንዴን አፈፍ አድርጋ ወደ አስተባባሪው ቢሮ አስገባችኝ። ርዕሰ መምህርቷም እዚያው ነበሩ።

«ይቅርታ፣ ዶክተር» አለች እናቴ። «ልጄ ምን ጎደላት? ክፍሏ ውስጥ የሚበልጣት የለም። እዚህስ ምን ሆነች?»

«እናቷ፣ ይረጋጉ» አለ። «ሁሉም ልጆች ጎበዞች ናቸው...»

«ሁሉንም አልጠየቅሁዎትም። ልጄን ነው የጠየቅሁዎት።»

ርዕሰ መምህርቷ ጣልቃ ገቡ። «እኔ ልንገርዎት» አሉ፣ በትህትና። «ልጅዎ ሦስት ጊዜ ተነግሯት ነው አንድ ቀላል ነገር የገባት። እኛ ጋ ትምህርቱ ይፈጥናል። ልጅቷ ላይ መጨከን ነው የሚሆነው።»

«ልጄ? ሦስት ጊዜ?» እናቴ ሳቀች፣ የመናደድ ሳቅ። «እንግዲህ ይኸው ቆማለች። አሁን ይጠይቋት።»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡ። ይህን አልክድባቸውም፣ ዕድል ሰጥተውኛል። ወደ እኔ ዞረው፣ «እሺ የኔ ልጅ፣ ቅድም እንቁላሉ ለምን ተንሳፈፈ? በራስሽ ቃል ንገሪኝ» አሉኝ።

ወደ አስተባባሪው አየሁ። መነጽሩን አወለቀ።

ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ይወለውለው ጀመር። መነጽሩ ቆሽሾ ይሆናል የምትሉኝ ካላችሁ፣ አልቆሸሸም። ፊት ለፊቱ ነበር የቆምኩት። እኔ መልሱን ቀጥ አድርጌ ብናገር ሴትዮዋ ቅድም ያዩት ሁሉ ጨዋታ መሆኑ ይገባቸዋል፤ ገንዘብ የሚሰጡት እንግዶች ደግሞ ግድግዳው ወዲያ ሻይ እየጠጡ ነው። ያ ሰው የፕሮግራሙን ስምና የእኔን ዕድል ሚዛን ላይ አስቀመጠና መረጠ። በእርጋታ፣ መነጽር እየወለወለ መረጠ።

እኔ ምን አውቄ? ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ግንባሬን ቋጠርኩ። «እ... እንቁላሉ ጨው በልቶ ቀለለ» አልኩ፣ እስከዚያ ቀን ካልኩት ሁሉ አሳምሬ። ከዚያም መነጽሩ እስኪመለስ ጠበቅሁ። እሱ ይወለውላል። እኔ እጠብቃለሁ። እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሴትዮዋን ታያለች። «አሃ!» የምልበት ሰዓት አልመጣም።

«ጎበዝ» አለኝ አስተባባሪው፣ ቀና ሳይል። «ጎበዝ፣ ጥሩ ሞክረሻል።»

ርዕሰ መምህርቷ ወደ እናቴ ዞሩ። «አዩ፣ እናት?» አሉ። «አይዘኑ።»

ኮሪደር ላይ እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

«እውነት አታውቂውም?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«አውቀዋለሁ እንጂ!» አልኩ እየሳቅሁ። «እንቁላሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ውሃው ነው።» ሁሉንም ነገርኳት። ሚስጥሩንም አብሬ ነገርኳት፤ እንዲህ አዝና ሳያት አላስቻለኝም። መነጽሩ ሲወልቅ፣ መነጽሩ ሲመለስ። ፊቷ በአንዴ ተለዋወጠ። ጎትታኝ ስንመለስ ርዕሰ መምህርቷ ቦርሳቸውን ይዘው ሊወጡ በር ላይ ደርሰዋል።

«ተናገሪ!» አለችኝ እናቴ። «እሱን አትይው። እኔን እያየሽ ተናገሪ።»

ተናገርኩ። አንድም ቃል አልሳትኩም። ሴትዮዋ አዳምጠው ሲጨርሱ ፈገግ አሉ፤ ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

«ኮሪደር ላይ አስጠኗት አይደል?» አሉ። «ይገባኛል፣ እናት ነዎት።»

«እኔ?» አለች እናቴ። «እኔ ነኝ ያስጠናኋት? እኔ ስሜን ስጽፍ እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል! ጨው ከምግብ በቀር ለሌላ ነገር እንደሚሆን ዛሬ ገና መስማቴ ነው! ይህ ሰውዬ ነው እንጂ ልጄን...»

አስተባባሪው መነጽሩን አደረገ። አሁን ነው ያደረገው። «ይኸው እንግዲህ!» አለ፣ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ። «የፕሮግራማችን ውጤት ማለት ይኸው ነው። ጠዋት የማታውቀውን ነገር ከሰዓት በኋላ አውቃ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።»

እናቴ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ስትለው ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ነበር የሰማሁት» አለችው። «የአንተ እንቁላል ግን የሚሄደው በልጅ ጀርባ ነው። አንተ! ዓይንህ ውስጥ ትንሽ እንኳ እፍረት የለም?»

የጥበቃ ሠራተኛ ተጠራ። ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ባዩት ፈረዱ እያልኩ ለእሳቸው ምክንያት ልፈልግ ሞክሬ አውቃለሁ፤ ግን ውሃ የሚያነሳ ምክንያት አላገኘሁላቸውም። አንድ ጥያቄ መጨመር ይችሉ ነበር። ሌላ ጥያቄ፣ ማንም ያላስጠናኝን።

እኔ በማታ ትምህርት፣ በዙሪያ ጥምጥም ሄጄ የደረስኩበት ደርሻለሁ፤ ማንም እንዳያዝንልኝ። ሰውየው በክብር ጡረታ እንደወጣ ሰምቻለሁ። ፕሮግራሙም አለ፤ ዛሬም ልጆች በአውቶቡስ ይጫናሉ።

ያን ቀን በእግራችን ነው የተመለስነው። ሰፈር ስንደርስ እናቴ ወደ ቤት አልገባችም። የባለሱቁ መስኮት ጋ ቆመችና፣ «ንገሪው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የእንቁላሉን።»

ነገርኩት። ባለሱቁ ነገሩ ግር ቢለውም ራሱን ነቀነቀ። ቀጥላ ልብስ ሰፊው ጋ ወሰደችኝ። «ንገሪው።» ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ አዳመጠኝ። አትክልት ሻጯ ጋ፣ ጎማ የሚለጥፈው ጋ፣ በር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁት አሮጊት ጋ፣ «ንገሪያቸው»። ጉሮሮዬ ደረቀ። እኔ ቅጣት ነበር የመሰለኝ፤ ሚስጥር ስላወጣሁ በሰፈር ፊት እየተቀጣሁ እንደሆነ ነው ያሰብኩት። አሁን ነው የሚገባኝ። ልጇ እንደምታውቅ መስማት የነበረበት አንድ ሰው አልሰማም ብሏታል፤ ስለዚህ ሌላው ዓለም ሁሉ እንዲሰማ ፈለገች።

መጨረሻ ላይ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ገባን። የአንድ ሰውዬ ግማሽ ፊት በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ነው። «ንገሪው» አለች፣ ድምፅዋ ሰልሎ። ነገርኩት። ምላጩን እንደያዘ በጥሞና አዳመጠኝ።

«አንቺ ልጅ!» አለኝ ስጨርስ። «ይሄን ሁሉ ስትነግሪው ያ የዩኒቨርሲቲው ዶክተር ምን አለሽ? መቼም ጎበዝ ብሎሻል!»

«ይሄን ስነግረውማ ለእኔ ምንም አላለኝም» አልኩት። «ጎበዝ የሚለኝ አላውቅም ስል ነው።»

ሳሙና የተቀባው ሰውዬ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። እናቴ እጄን ለቀቀችኝ፤ ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ያልሰማችኝ መስሎኝ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩላት።